ኮሚቴው ዋፊቃ ቤት የመጣ ዕለት

ሐረር ውስጥ፣ አቦከር በሚባለው ሰፈር የተሠራው ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ቤት ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ጥቅሙ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ከበሩ ፊት ቆመ። «ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚሰጣቸው ትሩፋቶች» ይላል። የመኪና ማቆሚያ፣ ለዚያውም መኪና ለሌለው ሰፈር። የልጆች መጫወቻ፣ አንዲት ዥዋዥዌ ያላት፣ እሷም በሰንሰለት የታሰረች። አረንጓዴ ቦታ፣ ማለትም ሦስት ችግኝ፤ አንዱን ፍየል በልታዋለች። የሥራ ዕድልም አልቀረም፤ ሁለት የሰፈሩ ልጆች ጥበቃ ሆነው ተቀጥረው የሰፈሩ ሰው እንዳይገባ ይከለክላሉ።

ከዚህ ሁሉ አንዱ ግን እውነት ነበር። ከምድር ቤቱ አሥራ ሁለት ክፍሎች በዝቅተኛ ኪራይ ለችግረኞች ተለይተዋል ተባለ። ይህ ወሬ በተሰማ ማግስት ከአቦከር እስከ ፈላና በር ችግረኛ ያልሆነ ሰው ጠፋ።

ዋፊቃ ግን የምሯን ችግረኛ ነበረች። ፈላና በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመቷ ነው። ጀጎል፣ በአሮጌው ግንብ ውስጥ፣ ሙክታር የሚባል ነጋዴ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከልጇ ከናፊያና ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጣሪያው ያፈሳል፣ የጓሮው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ ሆዱን ነፍቷል። ትንሹ የልጅ ልጇ ሳል ከያዘው ከርሟል፤ ሐኪሙም «ይህ ልጅ ሌላ ክረምት እዚያ ቤት ውስጥ መክረም የለበትም» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሙክታር ጣሪያውን እንዲያስጠግን ሲለመን «ኢንሻአላህ» ይላል። ኪራይ ሲጨምር ግን ኢንሻአላህ ብሎ አያውቅም።

ዋፊቃ ተመዘገበች። «ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ቤትዎ መጥቶ ኑሮዎን በዓይኑ ያያል» አሏት። እሷም ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማክሰኞ እንግዳ ይመጣል።

«ስሚኝ» አለቻት ጎረቤቷ ሮማነወርቅ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። «ምንም እንዳትነኪ። ባልዲው ከሚያፈሰው ሥር ይቀመጥ። የልጁ ፍራሽ እንደረጠበ ይታይ። ከተቻለ አልቅሺ።»

«አቦ ተይኝ ሮማን! ሦስት የተከበረ ሰው ሊመጣ ባልዲ ላሳይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ቤት ይሰጥሻላ!»

«ቤትስ አላህ ይሰጣል። እኔ ቤቴ ለገባ ሰው ሽንት የነካው የሚመስል እርጥብ ፍራሽ አላሳይም፣ ወላሂ!»

እንግዲህ ሐረር ውስጥ የአንዷ እንግዳ የሰፈሩ ሁሉ እንግዳ ነው። ሰኞ ከሰዓት ጀምሮ የጎረቤት ሴቶች ገቡ ወጡ። ነደባው፣ ማለት እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ፣ በቀይ አፈር ተለቅልቆ እንደ አዲስ ሆነ። ሶፍያ ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ምንጣፍ ተሸክማ መጣች። መርየም የእናቷን ስፌቶች ከግድግዳዋ አውርዳ እዚህ ሰቀለች፤ ሆዱን የነፋው ግድግዳ በስፌትና በባለ አበባ ሳህን ተሸፈነና ጤነኛ መሰለ። ባልዲው ከአልጋ ሥር ተደበቀ። ሮማነወርቅ እንኳን ከበር ቆማ «ሞኞች፣ ሞኞች» ስትል ቆይታ፣ በመጨረሻ አላስችል ብሏት ወርቃማ ጠርዝ ያላቸውን ስድስት ብርጭቆዎቿን አመጣች።

ማክሰኞ ሰብሳቢው አቶ ዮናስ፣ ጸሐፊዋ ሰገነትና የአገር ሽማግሌው ዓብዱላሂ መጡ። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ሦስቱም ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ሰገነት በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ አንድ አልበቃትም፣ ስፌቱ ሥር ቆማ ራሷንም አነሳች። ሳምቡሳ ቀረበ። አቶ ዮናስ አራተኛውን እየጎረሰ ቅጹን ዘረጋ።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

ዋፊቃ ናፊያን አየቻት። ናፊያ በዓይኗ «በይው፣ በይው» ትላለች። ግን እንግዳ እየበላ እንዴት ስለ ፍሳሽ ይወራል?

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን ይባላል» አለች።

«አያፈስም» ብሎ ጻፈ። «የጤና ችግር ያለበት የቤተሰብ አባል አለ?»

ትንሹ ልጅ ከመጋረጃው ኋላ ሳለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም በአላህ እጅ ነው።»

«የለም» ብሎ ጻፈ። «የገቢ ሁኔታስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሽማግሌው ዓብዱላሂ የዚህን ቃል ትርጉም ያውቁታል። በእሳቸው ዕድሜ አልሐምዱሊላህ የሚለው ሁሉ የጠገበ እንዳልሆነ ያልተገለጠለት ሽማግሌ የለም። ነገር ግን አፋቸው ሳምቡሳ ይዟል። ሲወጡ የተረፈው በፌስታል ተቋጥሮላቸው ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት የዕድለኞች ስም ተለጠፈ። ዋፊቃ የለችም። አራተኛው ስም ሙክታር ነው።

አዎ፣ ያው ሙክታር፣ ባለ ግቢው። ኮሚቴው በመጣበት ቀን ከቪላው ወጥቶ በጎቹ ከሚያድሩበት ጎጆ ገብቶ፣ የተቀደደ ሽርጥ አገልድሞ፣ ደረቱን ይዞ እየሳለ ጠበቃቸው። የሚያቀርበው ውሃ እንኳን እንደሌለው ተናገረ። አቶ ዮናስ አዝኖ ሦስት ገጽ ጻፈ ይባላል። በጎቹን ያያቸው የለም፤ ወይም አይቶ የጻፋቸው የለም።

ዋፊቃ አቤት ልትል ቢሮ ሄደች። አቶ ዮናስ ሰገነት የላከችለትን ፎቶ ከስልኩ አወጣ።

«እዩት እስቲ ወይዘሮ ዋፊቃ። ይህ እኮ ከእኔ ቤት ይበልጣል።»

«የሰው ነው ልጄ። የጎረቤት ነው፣ ተውሼ ነው።»

«እንደሱ ከሆነማ» አለ ዮናስ፣ ብልህ ነገር የሚናገር ሰው ወንበሩ ላይ እንደሚለጠጠው ተለጥጦ፣ «ይህን ሁሉ የሚያውስ ጎረቤት ያለው ሰው ትሩፋቱን አስቀድሞ አግኝቷል። እኛ ምንም ለሌለው ነው የምንሰጠው።»

ዋፊቃ የምትመልሰው ሁሉ ስድብ ሆኖባት ወጣች። መንገድ ላይ ያናደዳት ዮናስ አልነበረም፤ የራሷ ምላስ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ያፈሳል» ማለት ምን ነበረበት?

ክረምቱ ገባ። የልጁ ሳል እየባሰ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ በሩ ተንኳኳና ሙክታር ጃንጥላ ሳይዝ ቆሞ ታየ።

«አሰላሙ አለይኩም ዋፊቃ። ያቺ የደረሰችኝ ክፍል፣ እንግዲህ እኔ ቪላዬን ትቼ አልገባባትም። ለሌላ ሰው እኔ ከምከፍልባት በአራት እጥፍ ነበር የማከራያት። የልጁን ነገር ስሰማ ግን አንጀቴን በላው። ለአንቺ በሦስት እጥፍ።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ቆርጦ ሲያበቃ ሞፈሩን ሊሸጥላት መጣ። ዋፊቃ አየችው። ፊቱ ላይ የእፍረት ምልክት ፈለገች፣ የዝናብ ጠብታ ብቻ ነው ያለው። ከኋላዋ ልጁ ሳለ፤ ናፊያ ጀርባውን ስትመታለት ይሰማል። እምቢ ልትለው ፈለገች፣ አላህ ያውቃል ፈለገች። ግን ልጁ ደግሞ ሳለ።

«ቁልፉን አምጣ» አለችው።

ሰጣት። ከዚያ ሹራቡ እየራሰ፣ አንድ እግሩን ወደ ደፉ አስጠግቶ፣ ግባ እስክትለው ጠበቀ። በጀጎል ዝናብ እየመታው ደጅ የቆመን ሰው ግባ ያላለ አይታወቅም፤ ጠላት እንኳን ቢሆን ገብቶ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚጣላው።

ዋፊቃ በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያውን ገፋችና ልጁን ልትታቀፍ ወደ ውስጥ ተመለሰች።