ሰዓት ሠሪው ጠፈር ሊያዩ የሄዱ ቀን

ሐሳቡ የልጅቷ ነበር። አባቷ «ሐኪሙ ቀኝ ዓይንህ ደክሟል፣ ግራው ግን ደህና ነው ብሎኛል» ካሏት ጀምሮ ስታስብበት ከርማለች። አርባ ዓመት ሙሉ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ጥርሳም መዘውሮችን በመቆንጠጫ እያነሱ የሰው ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። «ስልክ ሰዓትን ገደለው» ብለው ሱቃቸውን ከዘጉ እንኳ ዓመት አልሞላቸውም። እሷ ደግሞ የፊዚክስ መምህርት ናት። እንግዲህ ግራው ሳይከተል አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዩልኝ አለችና፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራለትን የጠፈር ፊልም መረጠች። ያውም በዚያ አዲሱና ቅንጡው ሲኒማ ቤት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባትየው ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። እናቷ ኮሌታቸውን አስተካክላ፣ «ሂዱ እናንተ፤ እኔ ጩኸት አልችልም» ብላ ቀረች።

የሲኒማ ቤቱ ምንጣፍ እግር ይውጣል። ወንበሩ ቁልፉን ሲጫኑት እግር እያነሳ ወደ ኋላ ያስተኛል። አስተናጋጇ ለእያንዳንዳቸው ስስ ብርድ ልብስ አምጥታ ጭማቂ በጎናቸው አኖረች። አባትየው የወንበሩን ክንድ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ቁልፉን አገኙትና ጋደም አሉ።

«ይሄ ወንበር ነው አልጋ? ፊልም እንድናይ ነው የጠሩን እንድንተኛ?»

ከት ብላ ሳቀች። ቀጥለው ጭማቂውን ሊያነሱ ሲሉ ብርጭቆውን ደፉት። እሷም በጨለማ ማን ያያል ብላ በመሐረቧ ጠራረገችው።

ፊልሙ ጀመረ። መንኮራኩሩ ሲነሳ ወንበሩ ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋው ሸራ ላይ የአንድ ግዙፍ ዓለም ማዕበል በሺህ ቀለም ሲሽከረከር አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። አባቷም «ውይ!» አሉ፤ ከሰው ትንሽ ዘግየት ብለው። ደስ አላት። እንኳን አመጣኋቸው አለች በልቡናዋ።

ከዚያ የጠፈርተኛው ገመድ ተበጠሰ። ሙዚቃው ተቋረጠ፤ ድምፅ የሚባል ጠፋ። ጥቁር ብቻ፣ በጥቁሩ ላይ እንደ ዱቄት የተነሰነሱ ከዋክብት፣ በመሐላቸው እየራቀ የሚሄድ አንድ ሰው። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

በዚህ መሐል የአባቷ ወንበር እዝዝ እያለ ቀና አለ። ብርድ ልብሳቸውን በሥርዓት አጣጠፉና ተነሡ።

«በጣም ጥሩ ነበር። ተባረኪ ልጄ።»

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«አለቀ አይደል እንዴ?»

መጀመሪያ የቀለዱ መስሏት ነበር። ፊታቸውን ስታይ ግን ዓይናቸው ሸራው ላይ አልነበረም። የመጨረሻው ድምፅ ወደመጣበት ወደ ጎን ግድግዳው ዞረው ቆመዋል።

«ይቀመጡልን እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። «ግራውስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ያኔ ዋሽቼሽ ነው፤ ግራው ነው ቀድሞ የሄደው። ቀኙ አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ በቃ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሱቁን ከዘጋሁ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽስ ምን ታደርጊያለሽ ሚጡ?»

እንውጣ አለቻቸው፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ። «ሰው አናስቸግር። ይልቅ አሁን ምን እየሆነ ነው? ንገሪኝ።»

ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ጀመረች። «ሰውየው እየራቀ ነው። ከበስተኋላው ትልቅ ደመና አለ። ቀይ ነው... ቀይ ብቻም አይደለም...»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

ክፍል ገብታ ከዋክብት እንዴት እንደሚወለዱ ሰሌዳ ሙሉ ስትጽፍ የኖረች ሴት አንዲት ቃል አጣች። «እንደ... ቀይ ነዋ አባባ» አለች።

«ኧረ ባካችሁ!» አለ ያው ሰውዬ። አስተናጋጇ ትንሽ ባትሪ ይዛ መጥታ ጎንበስ አለች፤ «ይቅርታ እህቴ፣ ሌሎች ተመልካቾች ተቸገሩ።» ምን ብላ ታስረዳት? አባቷ እዚያው እየሰሙ፣ ያን ነገር በምን አፏ? «ይቅርታ» ብላ ከጆሯቸው ራቀች።

ድንገት ሸራው በፀሐይ ተጥለቀለቀ። የሰዎቹ ፊት ሁሉ ነጣ። አባትየው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አሁን በራ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ አባባ። በራ።»

እስከ መጨረሻው እጃቸውን እንደያዘች ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን ፊልም አይታዋለች ማለት አይቻልም።

መኪና ውስጥ ሲገቡ «ሰኞ ሌላ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች።

«ሦስት ሐኪም አይቶኛል። ነርቩ ከሞተ አይመለስም አሉ፤ ሦስቱም።»

«እማዬስ?»

«አታውቅም። ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ ታለቅሻለሽ።»

ቤት ሲደርሱ እናትየው ስልኳን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻቸው፤ ፊቷ በደስታ ፈክቷል። «እህቴ የልጅ ልጅ አየች! ፎቶው አሁን ገባ። ይኸውልህ፣ ማንን ይመስልሃል?» ብላ ስልኩን እጃቸው ላይ አኖረችው።

አባትየው እንደሚያይ ሰው ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«አባቱን ቁርጥ!»

«ሴት ናት እኮ አንተ!» እናትየው ሳቀች።

«ሴትስ ብትሆን አባቷን አትመስልም?» አሉና፣ ልጃቸው የቆመች ወደመሰላቸው አቅጣጫ ዞሩ። «አይደለም እንዴ ሚጡ?»

እሷ በሌላው በኩል ነበረች።

«ልክ ነው አባባ» አለች።