የያሕያ ደም

ኑርሃን በምግብ አትሰስትም፤ በፎቶ ግን ስስታም ናት። ፎቶ ስል የሰው ፊት ማለቴ አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ካሜራ ገጥማ ያነሳችው የወባ በሽተኞች ደም ነው። ቀዩ የደም ሕዋስ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ወይን ጠጅ ነጥብ ካለበት ወባው አለ ማለት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው የቀወት ቆላ ሁለት ክረምት ለፍታ የሰበሰበችው ይህንን ነው።

ከበሽተኞቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ያሕያ ነበር። ኪኒኑን በእጇ እያስዋጠች አስጨረሰችው፤ ግን ሞተ። ሐኪሞቹ ኪኒኑን አልወሰደም አሉ። እናቷም አንቺ ነሽ ያላስዋጥሽው ብለው ፊት ነሷት። ኪኒን ጨርሰውም ወባው ከደማቸው ያልወጣ ሌሎች እንደነበሩ፣ ያሕያም ከእነሱ አንዱ እንደሆነ የሚመሰክሩላት እነዚያ ፎቶዎች ብቻ ናቸው።

አብሯት የሚማረው ሄኖክ ፎቶዎቹን እንድታካፍለው ለምኗት ነበር። ወባውን ሁለት ሰው ሲቆጥረው ውጤቱ ይታመናል፣ ለሌላ ጥናትም ይሆናል ብሎ። ቀድሞኝ ይጽፍበታል ብላ ከለከለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኙ ሲማር ደግሞ ይብስበታል።

ከዚያ ኮምፒውተሯን ቫይረስ በላው። ደሙ የተቀባባቸው ስላይዶችም የሉም፤ እኛ ዘንድ ስላይድ ታጥቦ ለሚቀጥለው በሽተኛ ይውላል። ጽሑፏ ውስጥ የለጠፈቻቸው ፎቶዎች አንሰው ደብዝዘዋል። ገምጋሚዎቹ ነጥቡ ወባ ይሁን የቀለም ቆሻሻ መለየት አቃታቸውና ዋናዎቹን ካላመጣሽ አንቀበልም አሏት።

ፎቶዎቹን አንድ ጊዜ ሲዲ ላይ የገለበጡላት የሸዋ ሮቢቱ ፎቶ አንሺ ጋሼ ሐሚድ ነበሩ። ሲዲው ተጭሮ አልከፈት ስላለ ደወለችላቸው። ፎቶዎቹ እኔ ጋ አሉ፣ ምንም አልሆኑም አሏት። አለቀሰች። ነገ እንደምትመጣ፣ ፎቶዎቹን ትልልቅ ሰዎች እንደሚያዩዋቸው ነግራቸው ዘጋች።

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ዱዓ ስታደርግ ነበር፤ ካገኘኋቸው ለሄኖክም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ ብላ ነየተች። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ሙቀቱም አልታወቃት፤ ባጃጅ ይዛ በረረች።

የሸዋ ሮቢት ሙሽራ ሁሉ ከብጉሯ የምትገላገለው በጋሼ ሐሚድ እጅ ነው። በኮምፒውተር ሳያጸዱ ፎቶ አይሰጡም፤ ነውር ይመስላቸዋል። ሰውየው ዓይናቸው ቀልቶ ጠበቋት። ፎቶዎቹን ከፈቱላት። ትልልቅ ናቸው፣ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ሕዋሱ ሁሉ ቀይና ክብ ነው።

"ትልልቅ ሰዎች ያዩታል ስትዪኝ እንዲህ ተበላሽቶ አይሄድም አልኩ። ወላሂ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ነጠብጣቡን አንድ በአንድ አጠፋሁልሽ" አሏት።

"የድሮዎቹስ?"

"እነሱ ምን ያደርጋሉ? አዲሶቹን በላያቸው ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ አሁን የሉም።"

ኑርሃን የያሕያን ፎቶ በቁጥሩ ጠርታ እንዲከፍቱላት ጠየቀች። ከፈቱት። ወባ ነክቶት የማያውቅ ሰው ደም ነበር። መቆጣት ፈልጋ አቃታት፤ ሽማግሌው ለእሷ ብለው ነው የደከሙት። የወንድሟ ደም እንደሆነ ብቻ ነገረቻቸው።

ጋሼ ሐሚድ ቀብሩ ላይ ነበሩ። አላህ ይዘንለት አሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"ንጹሕ ነው። ለእናትሽ አንድ ላትምላቸው?" አሏት።

ኑርሃን እናቷ ያንን ፎቶ ይዘው ለካ ኪኒኑን አስውጠሽዋል ሲሏት ታዩዋትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።