ቁልፏ ያልዞረ አውቶቡስ

ሾፌሩ የሚሉት ሰው መኪና ነድቶ አያውቅም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው የበር ያህል ነው፣ አእምሮው ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቆሞ ቀርቷል። እናቱን ሰፈሩ ተኳሿ ይላታል። የምትተኩሰው የሰው ሸሚዝና አንሶላ ነው፤ ምላሷ ግን ከጠመንጃ አይተናነስም ይባላል፣ እሷም ሰምታ አስተባብላ አታውቅም። መንገድ ዳር በተከራየቻት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በረጅም ጠረጴዛና በከባድ ካውያ ዕድሜዋን ጨርሳለች። እንፋሎቱ ደግሞ ደረቷን ጨርሶታል።

ልጁን ሾፌር ያሰኘችው አንዲት የቆርቆሮ አውቶቡስ ናት። አረንጓዴ ናት፣ ከክንድ ታጥራለች። በመስኮቶቿ ተሳፋሪ ተስሎባታል፣ ከፊት ቆብ የደፋ ሾፌር አለ። ሆዷ ውስጥ ሞላ አለ፤ ቁልፏን አዙረው ሲለቋት ክርርር እያለች ትሄድና ቀስ ብላ ትቆማለች። የልጁ ቀን በሙሉ የተጫነው በዚች ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋው ጠርዝ ትነሳለች። «ፌርማታ፣ ሱሪ» ትላለች እናቱ፤ ሱሪውን ያጠልቃል። «ፌርማታ፣ ውሃ» ስትል ፊቱን ይሰጣል። ሳህኑ ጎን ደርሳ ስትቆም «ፌርማታ፣ ምሳ» ይባላል፣ አፉን ይከፍታል። አውቶቡሷ ካልመጣች አይከፍትም። ሐኪም መክሯል፣ ዘመድ ተቆጥቷል፣ አንድ ጎረቤት ደግሞ ሁለት ጥፊ ቢቀምስ ይበላ ነበር ብሎ ነበር። ተኳሿ ለዚያ ጎረቤት የመለሰችለት ወረቀት አይችለውም።

የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ጸሎቷ አንድ ነው፤ ከእሱ በፊት አትግደለኝ። ተኳሿ ግን ይህን ጸሎት ትታው ነበር። አንድ ጊዜ ደረቷ ታፍኖ ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ ዳቦ ቤት የምትሠራው የእህቷ ልጅ መጥታ፣ አውቶቡሷን አዙራ፣ ፌርማታውን ጠርታ፣ ሾፌሩን አብልታ አልብሳ ጠበቀቻት። ልጁ ማን እንዳዞራት ግድ አልነበረውም፤ ክርርር ካለች በቃው። ተኳሿ ስትመለስ ይህን አይታ ሞት ቀለላት። «ሰው ለልጁ ቤት ያወርሳል፤ እኔ አውቶቡስ አወርሳለሁ» ትል ጀመር። የእህቷ ልጅም፣ «እኔ እነዳታለሁ አክስቴ፣ አንቺ ብቻ በሰላም ሂጂ» ትላታለች። ሞት ለሁለቱ የቀልድ ያህል ሆኖ ነበር።

አውቶቡሷ ታዲያ አንዲት አልነበረችም። ቆርቆሮ ነው፣ ያልቃል። ጎማዋ ሲወልቅ ወይም ሞላዋ ሲላላ፣ ተኳሿ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ትወርዳለች። እዚያ አባባ ዝገት የሚሏቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ እንዲህ ያለች አውቶቡስ ከእጃቸው ስትገባ ለእሷ ብለው ከጆንያ ሥር ይሸሽጓታል፣ በአንድ ሳሙና ዋጋም ይሰጧታል። አንዳንዷ እንደተጫጫረች ከነካርቶኗ ትመጣለች። ካርቶኑን ተኳሿ እሳት ታያይዝበታለች።

የገዛቻትን እንዳለች ለልጇ አትሰጥም። አዲስ ነገር አይወድም። ካውያው እስኪግል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣት ታስረጃታለች። የተሳለውን ሾፌር ፊት በድንጋይ ታሻሸዋለች፣ የፊቷን ቀኝ ማዕዘን በካውያው ተረከዝ ታጎደጉደዋለች፣ በሩ ጋ ያለውን ቀለም በቢላ ትፍቀዋለች። አንዴ ተሳስታ ግራዋን አጎድጉዳ ሰጠችው፤ ቀና ብሎም አላያት። ሌላ ገዝታ ቀኟን አጎደጎደች። ልጁ በዕድሜው ሙሉ የነዳው አንድ አውቶቡስ እንደሆነ ያምናል፤ የሚያውቀው እጁ ነው፣ ጎድጓዳዋን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ።

አንድ ቀን ታዲያ ምሳ ፌርማታ ሳትደርስ ሞላዋ ተበጠሰ።

ተኳሿ መሐረቧን አስራ ወረደች። አባባ ዝገት የሉም፣ ሞተዋል። በጆንያው ቦታ መስታወት ተገጥሟል፣ መብራት ተንጠልጥሏል፣ ውስጥ የእህታቸው ልጅ ተቀምጧል። ገበያተኛው ጠራጊው ይለዋል፤ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ከየጉሊቱ የድሮ ነገር ጠርጎ ስለሚገዛ። ንጋት ላይ የተጠረገው ረፋድ ላይ መስታወት ውስጥ ዋጋው አሥር እጥፍ ሆኖ ይታያል። አውቶቡሷም እዚያ አለች፣ ከነካርቶኗ፣ ጭረት ሳይነካት። ዋጋዋን ጠየቀችው። ነገራት።

«የጠየቅኩህ መጫወቻዋን ነው፤ ሱቁን አይደለም» አለችው።

ጠራጊው ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወንበርም ሰጥቷታል። «ይቺ እኮ መጫወቻ አይደለችም እማማ፤ ትዝታ ናት። የድሮ ልጆች አድገው ገንዘብ ያዙ። ልጅነታቸውን መልሰው እየገዙ ነው።»

«ልጅነታቸውን ይግዙ። የልጄን ምሳ ለምን ይጨምሩበታል?»

ይህን ስትል አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ነጭ ጓንት አጥልቆ ሌላ ዕቃ ያገላብጥ ነበር። አውቶቡሷን ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አባቱ እንዲህ ያለች ሊገዛለት ቃል ገብቶ ሳይገዛለት እንደሞተ ተረከ። አሁን መደርደሪያ ሙሉ አለው። ተኳሿ አዘነችለትና፣ ከመደርደሪያው አንዷን እንዲሸጥላት ለመነችው፤ ልጇ የሚበላው በእሷ እንደሆነም አስረዳችው። ሰውዬው አጥብቆ አዳመጣት። ከዚያም ስብስቡ ከጎደለ ስብስብ አይባልም አላት፣ በጣም በትሕትና። ልጇን አምጥታ መደርደሪያውን ብታሳየው ግን ደስ ይለዋል፤ እንዳይነካ እንጂ።

«ለማየትማ እኔንም ሲያየኝ ነው የኖረው፤ አልጠገበም» ብላ ወጣች።

ተስፋ ቆርጣ ግን አልነበረም። ተራው ሰፊ ነው፤ አንዱ ቢጠርግ ሌላው ጋ ፍርፋሪ አይጠፋም። ከጉሊት ጉሊት ዞረች። አረንጓዴ የቆርቆሮ አውቶቡስ፣ ቆብ ያለው ሾፌር፣ በቁልፍ የምትሄድ እያለች ለሁሉም አስረዳች። የለኝም ያላትን፣ ካገኘህ እንዳትረሳኝ አለችው። ሴቶቹን በእናትነት ለመነች፣ ወንዶቹን በእናታቸው። በማግስቱም ወረደች፣ ከዚያም ወዲያ።

ቤት ያለው አይወራም። የላስቲክ አውቶቡስ ገዝታ ሞከረች፤ ልጁ መሬት አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ አሮጌዋን በየዳት፤ ሞላ ግን ከየት ይምጣ፤ ልጁ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጣትና መልሶ ሰጣት። ሱሪ የለም፣ ውሃ የለም፣ ምሳ የለም። እንቅልፍ ሲወስደው እሷና የእህቷ ልጅ ቀና አድርገው በማንኪያ ወተት ያንጠባጥቡለታል። ከነቃ ይተፋዋል። የበር ያህል የነበረው ትከሻው አጥንቱ ወጣ።

ተኳሿ ወደ ጠራጊው ተመለሰች። ባላት ልትጀምርና ቀሪውን በየወሩ ልትከፍል አስባ ነበር። ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቃት።

«ምን ላድርግ እማማ፤ ፈላጊ በዛ» አለ ጠራጊው። «በዚህ ሰሞን ከየጉሊቱ የማይጠይቀኝ የለም። ያችን አረንጓዴ አውቶቡስ፣ ቆብ ያለውን ሾፌር። አንዱ ይሄዳል አንዱ ይመጣል። እንዲህ ስትፈለግ አይቻት አላውቅም።»

 እሱ የሚለው ሁሉ ከራሷ አፍ የወጣ ነበር። በእናትነት የለመነቻቸው ሁሉ እሱ ጋ መጥተው ነው የጠየቁት።

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ሁሉም እኔ ነኝ። ሌላ ፈላጊ የለም፣ አንድ እኔ ነኝ።»

ጠራጊው የዋጋዋን ወረቀት አቀና። «ያም ሆነ ይህ» አለ፣ «እርስዎ መፈለግዎን አልተዉም።»

አያያዟን አይተው ጭብጦዋን ቀሟት ማለት ይህ ነው። ያውም አያያዟን ራሷ እየዞረች ነበር ያሳየችው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አጠገቧ ያለው ፀጉር አስተካካይ ለዓመታት ክፍሏን ሲመኝ ኖሯል፤ ግድግዳውን አፍርሶ ወንበር ሊጨምር። ሄዳ የመተኮሻ ክፍሏን ቁልፍ ከነኪራዩ፣ ጠረጴዛውን፣ ካውያውን አስረከበችው። ሰውዬው ገንዘቡን ሲሰጣት ዓይኗን ማየት አፍሮ ማበጠሪያውን ያጸዳ ነበር። ስትወጣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ እንኳ አላስቀረችም፤ ባለዕዳ አይደለችም።

ጠራጊው አውቶቡሷን በጥጥ ጠቀለላት። ፀሐይ አያግኛት አለ፣ በባዶ እጅ አይንኳት አለ፣ ካርቶኑን ደግሞ አደራ፤ ካርቶኑ ከአውቶቡሷ ይበልጣል አለ። ተኳሿ በዕድሜዋ ያነደደቻቸውን ካርቶኖች አሰበች። አውቶቡሷን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

የእህቷ ልጅ ከዳቦ ቤት ዱቄቷን ሳታራግፍ መጥታ ትጠብቃት ነበር። ተኳሿ አውቶቡሷን አውጥታ ወለል ላይ ቁጭ አለችና ድንጋይና ቢላ ጠየቀች። የሾፌሩን ፊት አሸችው። የአዲስ ቀለም ነገር፣ አልለቅ አለ፤ ከንፈሯን ነክሳ አሸችው። ቀኝ ማዕዘኗን በመዶሻ መታችው። በሩን ፋቀችው።

«አክስቴ፣ ሱቅሽን ነው እኮ እየፋቅሽ ያለሽው» አለች የእህቷ ልጅ፣ ራሷን ይዛ።

«ፍቄ ካልሰጠሁት ሱቄም በከንቱ ሄደ፣ እሱም አይበላ።»

እጇ ሥራውን አልረሳም። ስትጨርስ ያቺው ሆነች፤ ለዓመታት አልጋው ጠርዝ ላይ የቆመችው። ልጁ ከተኛበት አያት። አንገቱን አቀና። ወገቡ እየተንቀጠቀጠ ተነሳና እግሩን ወደ ወለሉ ሰደደ፤ እጁን ዘርግቶ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ሱሪውን ራሱ ወደ ራሱ ሳበ። የእህቷ ልጅ አፏን በሽርጧ ያዘች።

ተኳሿ ቁልፉን ያዘች። ጠጣር ነው፣ ማንም አዙሮት አያውቅም። አንዴ አዞረችው። ደገመችው። የአውቶቡሷ ሆድ ውስጥ ቋ አለ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው፤ ከዚያ ቁልፉ ያለ ምንም ክብደት ጣቷ ላይ ይሽከረከር ጀመር።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። አልሄደችም። ልጁ ሱሪውን እንደያዘ ጠበቀ። ረጅም ጊዜ ጠበቀ፤ ትዕግሥትስ አለው። ከዚያ ሱሪውን ለቀቀና እግሩን አንድ በአንድ ወደ አልጋው መልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ ጠራጊው አውቶቡሷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ሬሳ ያየ ነው የመሰለው። ፊቱን ማን አጠፋው፣ ማን ቀጠቀጣት፣ ማንስ ያዙሯት አለዎት እያለ ጠየቃት።

«ቁልፍ ያለው ነገር የማይዞር ከሆነ ቁልፉ ምን ይሠራለታል?»

«ለመያዝ ናት እንጂ ለማዞር አይደለችም እማማ። ዕድሜ ልኩን ሳይነካ የተቀመጠ ሞላ ውስጡን ይዝጋል። በካርቶን ያሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም አያዞራትም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «የሚሄዱትማ ድሮ አለቁ። ልጆች ነድተው ጨረሷቸው።»

ከልጆቹ አንዱ የእሷ ነው፤ ስንቱን እንደጨረሰ ታውቃለች። አባባ ዝገት ከጆንያ ሥር ያወጡላት የነበሩት፣ ጭረት በጭረት የነበሩት፣ እነሱ ነበሩ የሚሄዱት። ጠራጊው መልሶ ሊገዛት እንደማይችል ነገራት፤ ካርቶኑን ግን ካላበላሸችው እንደሚወስድ። ካርቶኑን ሸጠችለት። በገንዘቡ ወተት ገዛች።

ቤት ስትገባ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሞተችውን አውቶቡስ በእጇ ይዛ በጠርዙ ላይ ገፋቻት። ለምን እንዲያ እንዳደረገች አታውቅም። ምላሷን ከላንቃዋ አጣብቃ ከጉሮሮዋ ክርርር አለች።

ልጁ ዞረ። አውቶቡሷን አየ፣ አፏን አየ። ወተቱ ጋ ስትደርስ ድምፁን ቀስ አድርጋ አቆመችው። «ፌርማታ፣ ምሳ።» አፉን ከፈተ።

የእህቷ ልጅ ማታ መጥታ ባዶውን ኩባያ ስታይ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እኔ ልሞክር አለች። አውቶቡሷን ገፋች፣ ክርርር አለች። እውነቱን ለመናገር የእሷ ይበልጥ ይመስላል፤ ጉሮሮዋ ልጅ ነው። ልጁ አፏን አይቶ የራሱን ገጠመው። እንደገና አለች። ገጥሞ ቀረ። ተኳሿ ተቀበለቻት፣ አለችለት፤ ከፈተ።

ያን ጊዜ ነው ሁለቱም የገባቸው።  አውቶቡሷን ማንም ያዞራት ነበር፤ ይህን አፍ ግን ማንም አይተካውም።

አሁን የእህቷ ልጅ ከሥራ መልስ ሁልጊዜ ትሞክራለች፤ ልጁም ሁልጊዜ ይገጥማል። ተኳሿ ያቺን የተወቻትን ጸሎት መልሳ ይዛታለች። ደረቷ ደግሞ ብሶበታል። ትናንት ምሳ ላይ አውቶቡሷ ሳህኑ ጋ ሳትደርስ ሳሉ ያዛት፤ ድምፁ መንገድ ላይ ተቆረጠ። ልጁ የከፈተውን አፍ ዘጋ። ማንኪያው በአየር ላይ ቀረ።

«ተይ ጉሮሮሽን ጠብቂ፣ አታውሪበት» አለች የእህቷ ልጅ ጀርባዋን እያሻሸች።

«ጉሮሮ ካርቶን ውስጥ አይቀመጥ» አለች ተኳሿ፣ ትንፋሽ ስታገኝ።

ሳሉ እንደገና መጣ። ልጁ አፉን እንደገጠመ፣ ዓይኑን ከአፏ ሳይነቅል፣ እስኪያልፍላት ይጠብቅ ነበር።