የግራኙ መሣሪያዎች

አናጢው ልጁ በሕይወት ሳለች ስልኳ ላይ በምትጫወተው የጃፓን ጌም ይቀና ነበር። እሱ ዘንድ መጥታ መጋዝ ይዛ አታውቅም፤ ጌሙ ውስጥ ግን አንዲት ዓይነ ትልቅ፣ ሚጢጢ ልጅ ሆና ጫካ ትገባለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ወንበር ትሠራለች፣ ብቻዋን ትስቃለች።

ከሞተች በኋላ አብራት ትጫወት የነበረች ጓደኛዋ ልታጽናናው መጣች።

«አባባ፣ የሠራችውን ወርክሾፕ ላሳይዎት» አለችና ጌሙን በስልኳ ከፈተች። «እኛ ኬክ ስንጋግር እሷ ወንበር ብቻ! የወንበር እብድ ነበር የምንላት።»

ይህን ስም ዛሬ ገና መስማቱ አንገበገበው። እሱ ያጣውን ሳቅ ይህች ልጅ ጠግባዋለች።

«አንድ ነገር ግን አይገባንም» አለች። «ሚጢጢዋ በቀኟ እየሠራች መሣሪያው ሁሉ በግራ በኩል ተሰቅሏል። አዙሪው ብንላት እምቢ!»

አናጢው ግራኝ ነው፤ መዶሻውንም መጋዙንም የሚሰቅለው በግራው በኩል ነው። ለካ ልጁ በወርክሾፑ በር «ደህና ዋል አባባ» ብላ ስታልፍ ሁሉንም ታይ ነበር።

ጓደኛዋ መዶሻውን ልታስተካክል ጣቷን ስትዘረጋ አናጢው ስልኩን ከእጇ ነጠቃት።

«እንዳትነኪው! ይልቅ እንጨቱ የት እንደሚለቀም አሳዪኝ።»