የቬይዮ ከረሜላ እና የፒህላ ጥርስ

በወደብ ከተማዋ በራውማ ከቬይዮ የበለጠ ከረሜላ ያፈላ ሰው አልተወለደም። ይህን የሚለው ራሱ ቬይዮ ነው። ማስረጃ ለጠየቀው ሁሉ፣ ከስዊድን የሚመጡት መርከቦች የማጀቱን ሽታ እየተከተሉ ወደብ እንደሚገቡ ረጋ ብሎ ያስረዳል።

በአገሩ ልማድ ጣፋጭ ለልጆች የሚሰጠው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ቬይዮ ግን ለአምስት ዓመቷ የልጅ ልጁ ለፒህላ ማክሰኞንም ሐሙስንም ቅዳሜ ያደርግላት ነበር። በመጋቢት ወር ሁለት ጥርሶቿ ተበልተው ተነቀሉ። የቬይዮ ልጅ የሆነችው እናቷ ራይያ በአባቷ ላይ አልጮኸችም፤ የከፋውም ይኸው ነው። አንድ ጥርስ እንኳ ደግሞ ቢበላሽ ልጅቷ ደጁን እንደማትረግጥ ነግራው ሄደች።

ቬይዮ ስኳሩን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ ክሲሊቶል በሚባል የስኳር ምትክ ማፍላት ጀመረ፤ ይጣፍጣል፣ ጥርስ የሚያበላሸው ተሕዋስ ግን አይጠቀምበትም። አሁን ሕግ አክባሪ ሆኗልና ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ፍሬ ሳይሰጥ አጠራቀመ። ቅዳሜ በቤቱ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው፣ ከመግባታቸው በፊት ለፒህላና ለሦስት ጓደኞቿ በየከረጢቱ ሞልቶ አደለ፤ በበሉ ቁጥር ጥርሳቸው ብረት እንደሚሆንም አበሰራቸው።

ብዙም ሳይቆይ የአራቱም ሆድ እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። በቤቱ ያለው መጸዳጃ አንድ ነው። ሰልፉ እስከ ወደቡ ደርሶ ነበር ይላል ቬይዮ። ሳውናው ማንም ሳይገባበት ቀዘቀዘ።

ሰኞ ራይያ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ልትወስድ ስትመጣ ቬይዮም ይቅርታ ሊል በር ላይ ቆሞ ነበር። መምህርቷ ቱሊኪ መሃላቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ስንት ስንት ሰጧቸው?»

«ትንሽ ነው። ሁለት ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው።»

«የእርስዎ እፍኝ እኮ አካፋ ነው።»

ራይያ ሳትወድ ሳቀች። ቱሊኪም ክሲሊቶል በአንዴ ሲበዛ ሆድ ስለሚያላላ ለቅዳሜ የሚጠራቀም እንዳልሆነ አስረዳች። እዚህ ልጆቹ በየቀኑ ከምግብ በኋላ አንድ አንድ የክሲሊቶል ፍሬ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ጥርስ መቦረሹም አይቀርም። ከዚያ ወደ ራይያ ዞራ፣ «የጥርስ ምርመራዋ መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ አባትሽን ለኔ ተይልኝ» አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቬይዮ አተር የምታክል ከረሜላ ይሠራ ገባ። ለዚያ መዳፍ ከባድ ሥራ ነው። ፒህላ ምግቧን ስትጨርስ አንዷን ይሰጣታል፤ ማታ ማታም አብሯት ቆሞ የራሱን ሦስት ጥርስ ይቦርሻል።

በመስከረም የጥርስ ሐኪሙ በፒህላ ጥርስ ላይ አዲስ ቀዳዳ አጣ። ራይያ ከክሊኒኩ ደወለችለት፤ «አባዬ፣ ቅዳሜ ሳውናውን ቀደም ብለህ አሙቀው፤ እንመጣለን» አለችው።

ቬይዮ በማግስቱ የበርች እንጨት ማገዶ በተጎታች ጋሪ ጭኖ ቱሊኪ ደጅ ቆመ። በመንገድ ሁሉ ትልልቅ ቃላት ሲያዘጋጅ ነበር፤ ሲያያት ግን ማገዶውን ማውረድ ጀመረ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ለሳውናሽ ነው። አንድ ተጎታች ናት» አለ ቬይዮ፤ ወደ ጭነቱ ዞር ብሎ አየና፣ «እንዲያውም አልሞላችም። አመሰግንሻለሁ።»