ግድግዳው ላይ የምትሄደው ሴት

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላት ጡረተኛ ነርስ የእህቷን ልጅ ከአራስ ቤት ተቀብላ ነው ያሳደገቻት። እናትየው በወለደች በሳምንቷ አረፈች። በኋላ ቤቱ ሲቃጠል ፎቶዎቹም አብረው ስለነደዱ፣ ልጅቷ እናቷን የምታውቃት አክስቷ በምታወራላት ብቻ ነው።

ልጅቷ አድጋ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ሆነች፤ ያውም የሚንቀሳቀስ ቅርጽ። ሲስተር ነገሩ ባይገባትም አንድም ቀን ተይ ብላት አታውቅም። ጎረቤት ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃት «ብረት ታስጨፍራለች» ብላ ትገላገላለች።

የልጅቷ ኤግዚቢሽን የተከፈተ ዕለት ሲስተር ሁለት ጫማ ስትለካ ስታወልቅ አርፍዳ ሄደች። አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው። ከደጁ ፀሐይ ሲገቡ ጨለማው ዓይን ይይዛል። ቀስ በቀስ ግን ከጣሪያው በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠሉ የማንኪያ መዓት ታዩዋት። ሰው ባለፈ ቁጥር በትንፋሹ ይወዛወዛሉ፣ ብርሃናቸውም ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። «ስንቱን ቤት ያለ ማንኪያ አስቀረሽው?» አለቻት የእህቷን ልጅ። ይህን ብትልም የሚፈስሰውን ብርሃን ላለመርገጥ ጥጉን ይዛ ነበር የምትራመደው።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ ከጋራዥ የተጣለ የሚመስል የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ አጉረመረመና ክምሩ መዞር ጀመረ። ከኋላው መብራት ሲበራ ግድግዳው ላይ መያዣ መጨበጫ የሌለው ጥላ ተበተነ። ከዚያ ጥላው ተሰበሰበ፤ ሴት ሆነ፤ ሴቲቱም ተራመደች።

ግራ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ፣ ተረከዟን ብዙም ሳታሳርፍ፣ ሳትሮጥ ግን ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች። ጥጉ ጋ ስትደርስ አንገቷን መለስ አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ ትበተናለች።

ሲስተር አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እህቷ ናት። ስንት ዘመን መልኳን ላስታውስ ብላ ስትታገል፣ ዓይኗን ስታገኝ አፍንጫዋ ሲጠፋባት የኖረችው እህቷ፣ ይኸው ግድግዳ ላይ በእግሯ ትሄዳለች። ቆርቆሮው ዞሮ እስኪመጣ ጠበቀች። ሴቲቱ ተመልሳ መጣች። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰውም አንገቱን አስግጎ ያያል።

«አካሄዷን ማን ነገረሽ?» አለቻት የእህቷን ልጅ። «እኔ አልነገርኩሽም። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።»

«የማንን?»

«የእናትሽን ነዋ!»

ልጅቷ ግድግዳውን አየች፣ አክስቷን አየች።

«እቴቴ፣ ይቺ እኮ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ልጅ ሆና፣ ሲስተር ለአዳር ተረኝነት ስትወጣ፣ አልጋዋ ውስጥ ሆና በኮሪደሩ ስትርቅ ታያት ነበር። ሲስተር በሩ ጋ ስትደርስ ተኝታ እንደሆነ ለማረጋገጥ ዞር ትላለች፤ እሷም ቶሎ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሠራችው ያንን ነው። ስለ እናቷ አላሰበችም፤ የማታውቀውን ከየት አምጥታ ትሥራው?

ሲስተር ሙግት ልትጀምር አፏን ከፈተችና ተወችው። ሰው የራሱን አካሄድ ከየት ያየዋል? ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ በአንድ መንገድ ተመላልሰው አድገው፣ እህቷ እግሯ ውስጥ እንዳለች ሳታውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ይዛት ዞራለች። እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ የተኛ ሰው እንደሚነካ አድርጋ።

ልጅቷ ግን ግድግዳውን ማየት ትታለች። «ስለዚህ እናቴ እንዳንቺ ነበር የምትሄደው» አለች።

«ልክ እንደዚህ።»

«እስቲ ሂጂልኝ።»

«አሁንማ እግሬ ተሳሰረ እኮ» አለች ሲስተር፣ እየሳቀች እንባዋን ጠርጋ። ሰዉ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ቦርሳዋን ለልጅቷ ሰጥታ ተነሣች፤ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እንደ ሕፃን ተንገዳገደችና አካሄዷ ተመለሰላት። ልጅቷ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ስትሄድ አየች።