የላይኛው አካል ጉዳት

ቅዳሜ ነው፤ የሳውናው ምድጃ ነዷል፤ ድንጋዩ ግሏል፤ ኦስካሪ ግን አልገባም አለ።

ኢምፒ ፎጣውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። የሃውኪራንታ ከተማ ሰው ቅዳሜ ሳውና አልገባም ካለ ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው። የልጅ ልጇ ደግሞ ጀርባው በር የሚያህል ጎረምሳ ነው፤ በበረዶ ሆኪው ክለብ ውስጥ እንደሱ ጎል የሚያገባ የለም።

«ምነው?» አለችው።

«ሙቀቱ ይከብደኛል።»

«ሙቀቱ! ድመቷ እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም።»

አልሳቀም። መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ውጭ የመጋቢት ፀሐይ በሐይቁ በረዶ ላይ ታንጸባርቃለች። ሰሞኑን እሷ መጋረጃ ስትከፍት እሱ ሲዘጋ ነው የከረሙት። ኢምፒ ፍርሃቷን ታውቀዋለች። ዋጠችው። ዛሬ ሌላ ጉዳይ አለባት።

በአሥር ሰዓት የክለቡ ቦርድ ይሰበሰባል። የአሰልጣኝ ቬዮ ውል ይራዘም ወይስ ይሰናበት፣ ዛሬ ይለይለታል። ከሰባቱ መቀመጫ አንዱ የደጋፊዎች ነው፤ ደጋፊዎቹም የመረጡት ኢምፒን ነው። የዱሮው ግብ ጠባቂ የሟቹ ኡርሆ ሚስት ናት፤ አፏንም የሚደፍር የለም።

ከተማው በቬዮ ላይ ጥርሱን ነክሷል። ቡድኑን ከጭራ አንሥቶ ለግማሽ ፍጻሜ ያበቃው እሱ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን በመጨረሻው ሰዓት ኦስካሪን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ተሸነፈ። ጋዜጠኞቹ ልጁ ምን ሆኖ ነው ቢሉት «የላይኛው አካል ጉዳት» አለና አፉን ዘጋ። የሆኪ ሰው ደንቡ ይኸው ነው። ባላጋራ ሰምቶ እዚያችው ላይ እንዳይደግም፣ የተጎዳውን ቦታ በስሙ አይጠሩትም። ከወገብ በላይ ከሆነ የላይኛው አካል፣ ከወገብ በታች ከሆነ የታችኛው፤ አለቀ። ሰዉ ግን ኦስካሪን ሱቅ ውስጥ በሁለት እግሩ ቆሞ አየው። እጁ አልታሰረ፣ ፊቱ አልተሰፋ። «የላይኛው አካሉንስ ያመመው አሰልጣኙን ነው» እያሉ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ተሳሳቁ። ኢምፒም አብራ ስቃለች።

ኦስካሪም «ቂም ይዞብኝ ነው አያቴ፤ አባርሪልኝ» ብሏት ነበር። እሷም «ከነኮፍያው ነው የማስወጣው» ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ምን ታድርግ፣ አንድ የባሕር ማዶ ትልቅ ክለብ በልጁ ላይ ዓይኑን ጥሏል፤ በግንቦት ሊያስፈርመው ነው። የሚያስቀምጠውን ሰው እንዴት አትጠላ!

ከመውጣቷ በፊት የዓሣ ሾርባ አቀረበችለት። ዓይኑን እያጨነቆረ መጣ፤ ሁለት ማንኪያ ቀመሰ፤ ወተቱን ጠጣ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወዲህ፣ አየር ላይ አስቀመጠው። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ።

ኦስካሪ ስብርባሪውን ዝም ብሎ አየው። «ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ» አለ።

ኢምፒ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

ይህን ቃል ሰምታዋለች። እዚችው ወጥ ቤት፣ ከዚችው ወንበር። ኡርሆ የፊት መሸፈኛ ባልነበረበት ዘመን ግብ የጠበቀ ሰው ነው። ያቺ የሚመቷት ጥቁር ጎማ ግንባሩን ስትለው ውሃ ይረጩበትና «ተነሥ፣ አንተ ወንድ አይደለህም?» ይሉታል፤ ይነሣል። ኋላ ፀጉሩ በቅጡ ሳይሸብት ጫማውን ምድጃ ውስጥ ይከት ጀመር። ኋላ ሚስቱን በሞተች እህቱ ስም ጠራት። ኋላ ደግሞ በማንም ስም አልጠራትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንዲህ ነው።

«ራስህን ያምሃል?» አለችው።

«አያመኝም።»

«ኦስካሪ፣ እኔን እየኝ!»

«አያመኝም አልኩሽ! ይልቅ ሂጂና ድምፅሽን ስጪ።»

ሄደች። መንገድ ላይ ሁለቴ ቆማ የተዘጋውን መጋረጃ ዞራ አየች።

ቬዮ የመጫወቻው አዳራሽ ኮሪደር ውስጥ ለብቻው ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ኮስታራ፣ ፈገግታ ያልፈጠረበት ሰው።

«የልጅ ልጄ ምን አግኝቶት ነው?» ብላ ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብ ያዘችው።

«የላይኛው አካል ጉዳት።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ጋዜጠኛ መሰልኩህ?»

ቬዮ ኮፍያውን አወለቀና በእጁ ያዟዙረው ጀመር። «እትዬ ኢምፒ፣ ልጁ እንዳልናገር አስምሎኛል። የሰው ገመና ነው።»

«ሊያባርሩህ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ቃል ብትተነፍስላቸው ትተርፋለህ።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ወለሉን እያየ ቆየ። «ግብ መጠበቅ ያስተማረኝ የእርስዎ ኡርሆ ነው። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ እጄን ይዞ 'አንተ የማን ልጅ ነህ?' አለኝ። ይህችን ነው የምልዎት። ሌላ አልጨምርም።»

ኢምፒ ስታላግጥበት የከረመችው ሰው፣ እሷ ምግብ ሠርታ ላሳደገችው ልጅ ሲል፣ ምስጢሩን ለማንም ሳይነግር እንጀራውን ሊያጣ ቆሟል። ወደ ቦርዱ ክፍል ገባች።

ሰብሳቢው ታይስቶ የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ነው፤ ዱሮ ከኡርሆ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። ገና ከመቀመጧ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረ።

«ውል ማራዘም ሽልማት ነው! ዋናውን ተጫዋች አስቀምጦ የተሸነፈን ሰው ማን ይሸልማል?»

«ከጭራ ያነሣንስ ማን ነው? አንተ ነህ?» አለ ከቦርዱ አባላት አንዱ፣ ጥርስ ሐኪሙ።

«እኔማ ብሆን ልጁን በአንድ እግሩም አሰልፈው ነበር!»

ኢምፒ በልቧ ደገመችው። በአንድ እግሩም። በግማሽ ጭንቅላቱም።

እጅ ወጣ። ሦስት ይራዘም፣ ሦስት ይሰናበት። ታይስቶ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ። «የኢምፒ እንግዲህ የታወቀ ነው። ጻፈው» አለው ጸሐፊውን።

«ምኑን ነው የሚጽፈው? አፍ አለኝ እኮ» አለች። እጇን ለቬዮ አውጥታ ዝም ብትል ውሉ ይራዘማል፤ ግን በግንቦት እነዚያ የማዶ ሰዎች ልጁን ይወስዱታል፤ እዚያ የሚያስቀምጠው ቬዮ የለም። ብትናገር ደግሞ ልጁ እድሜ ልኩን ዓይኗን አያይም። ሁለቱም ገደል ነው። ኡርሆ የወደቀበትን ገደል ግን እሷ እስከ ታች ወርዳ አይታዋለች።

«ይራዘምለት» አለች።

«ምን?»

«አትሰማም? ይራዘምለት አልኩ። ምክንያቱን ከፈለግህ ጭንቅላቱ ነው። የኦስካሪ ጭንቅላት ነው የተጎዳው።»

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህን ቃል ደፍሮ የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ታይስቶ ሮጦ በሩን ዘጋ።

«ኢምፒ! ይህ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ! የማዶዎቹ ቢሰሙ…»

«ይውጣ! ባሌን የበላው እዚህ ተዘግቶበት የቀረው ነገር ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ ኡርሆን መጥተህ ብታየው ኖሮ እንዴት እንደሚነቅዝ ታውቅ ነበር። ወድቆ ሳለ 'ተነሥ' ያልከው አንተ አይደለህም?»

ታይስቶ ተቀመጠ። ውሉ ተራዘመ። ስትወጣ ቬዮ ኮሪደሩ ውስጥ ራሱን ዝቅ አደረገላት፤ ደስ ያለው ሰው ፊት ግን አልነበረውም።

ቤት የተመለሰችው ሲመሽ ነው፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አልጋው ባዶ ነው። «ኦስካሪ!» አለች፤ መልስ የለም። ጓዳ አየች፣ ግቢ አየች። ያገኘችው ሳውናው ውስጥ ነው፤ እሳቱ ጠፍቶ ጨለማው ውስጥ ከነልብሱ ተቀምጧል።

«ሸጥሽኝ» አለ።

«አዎ።»

«ከማዶ ደውለው ነበር። 'በሐኪም እስክትታይ እንቆይ' አሉኝ። ተመልሰው አይደውሉም።»

«አይደውሉ።»

«አንቺንም አያት ብለው ሰጡኝ!»

ታችኛው መቀመጫ ላይ አረፍ አለች። ድንጋዮቹ እየበረዱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላሉ። ተነሥቶ ከቤቴ ይወጣል ብላ ፈራች። ሳይነሣ ሲቀር ደግሞ ይበልጥ ፈራች።

በሕፃንነቱ ድምፅ፣ «አያቴ፣ ኡርሆን ሕመሙ እንዴት ነበር የጀመረው?» አላት።

ውሸቱ አፏ ላይ ነበር። ወደ ውስጥ መለሰችው።

«አንድ ቀን ምሳ ላይ ብርጭቆ ጣለ።»

«ከዚያስ?»

«ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ አለኝ።»

ከዚያ ያ ሰፊ እጁ በጨለማው ቀስ ብሎ ወረደና፣ ታንኳ ላይ እንደተሳፈረ ሰው፣ የተቀመጠበትን ጣውላ ጨበጠ።

«አሁን አልተንቀሳቀሰም አይደል?»

«አልተንቀሳቀሰም» አለች፤ የእሷም እጅ ጣውላዋን ጨብጦ አልለቅ ብሏል።